የሰብዉፈር ሳጥን ለምን ይበሳል?

የሰብዉፈር ሳጥን ራሱ በኮምፔንሳቶ ሊሠራ የተነሳ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ጥያቄ አለ፦ ሳጥኑን በስቼ ቱቦ ልግጠምበት ወይስ ዝግ ይሁን? ከበሳሁትስ ቱቦው ምን ያህል ይርዘም? ቀላል ይመስላል አይደል? መሐንዲሶች ግን አስተማማኝ መልስ ለማግኘት 30 ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል።

መጀመሪያ ችግሩን እንየው። የስፒከሩ የሚርገበገብ ክፍል፣ ማለትም ኮኑ፣ ወደፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል። ስለዚህ ከፊትና ከኋላ የሚወጡት ድምፆች ተቃራኒ ናቸው። ስፒከሩን ያለ ሳጥን ብታጫውቱት ሁለቱ ዞረው ይገናኙና ቤዙን ያጠፉታል። ዝግ ሳጥን የኋላውን ድምፅ ያፍነዋል። ቤዙ ይተርፋል፣ ግን የኮኑ ግማሽ ልፋት ባከነ ማለት ነው።

በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪ ይሠራ የነበረው አልበርት ቱራስ ለዚህ ብክነት መላ አበጀ። በ1930 አመልክቶ በ1932 ፓተንት ተሰጠው (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሐሳቡ የኋላው ድምፅ በመተላለፊያ በኩል ወጥቶ የፊተኛውን እንዲያግዝ ማድረግ ነው። ተቃራኒ የነበረው ድምፅ እንዴት አጋዥ ይሆናል?

እስቲ ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ እፍ በሉ። የምትሰሙትን ድምፅ ጀርመናዊው ሄልምሆልዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጥንቶታል። አንገቱ ውስጥ ያለው አየር እንደ ክብደት፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ደግሞ እንደ ስፕሪንግ ይሆናል፤ ክብደቱም ስፕሪንጉ ላይ ይወዛወዛል። ቱቦ የተገጠመለት ሳጥንም ትልቅ ጠርሙስ ነው። በሚወዛወዝበት ልክና ከዚያ በላይ፣ የቱቦው አየር ከኋላ የመጣውን ግፊት ገልብጦ ከፊተኛው ድምፅ ጋር ያስተባብረዋል።

በቁጥር እንየው። 50 ሊትር አየር ለሚይዝ ሳጥን የውስጥ ዲያሜትሩ 10፣ ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ ብንገጥም፣ አየሩ በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ (41 ሄርዝ) ይወዛወዛል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ድምፅም እዚያው አካባቢ ነው። ቱቦውን በግማሽ ብናሳጥረው ወደ 52 ሄርዝ ይወጣል።

ታዲያ ምን ቀረ? ይሄ ስሌት የሳጥኑን ጠባይ እንጂ ለየትኛው ስፒከር የትኛው ሳጥን እንደሚስማማ አይነግረንም። ስለዚህ ለዓመታት ሥራው በአብዛኛው ቆርጦ መስማት፣ ደግሞ መቁረጥ ነበር። ልኩ ሲሳት ሳጥኑ ዘፈኑን ሁሉ በአንድ ድምፅ “ቡም ቡም” ያሰኘዋል። የባሰም አለ። ሙዚቃው ሳጥኑ ከተቃኘበት ልክ በታች ሲወርድ አየሩ ኮኑን መደገፍ ያቆማል፤ አምፕሊፋየሩ ጉልበተኛ ከሆነ ኮኑ ከመጠን በላይ ይዘልና ሊበላሽ ይችላል።

መፍትሔው ከአውስትራሊያ መጣ። ኔቪል ቲል በ1961 ባሳተመው ጥናት ስፒከሩንና ሳጥኑን እንደ አንድ የኤሌክትሪክ ፊልተር ቆጠራቸው። የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ፊልተር መቀመር ድሮም ያውቁበታል፤ እሱ ያንን እውቀት ለአናጢው ሥራ አዋለው። ጥናቱ የወጣው እዚያው አውስትራሊያ ስለነበር በዓለም ደረጃ በሰፊው የታወቀው በ1971 አሜሪካ ውስጥ በድጋሚ ሲታተም ነው። ወዲያው በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ያጠና የነበረው ሪቻርድ ስሞል ሥራውን አሰፋው።

ከነሱ በኋላ የአንድን ስፒከር ጠባይ በጥቂት ቁጥሮች መግለጽ ተቻለ። ሦስቱ ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ኮኑ በራሱ የሚወዛወዝበት ልክ፣ ውዝዋዜው ምን ያህል ቶሎ እንደሚከስም፣ እና የኮኑ መያዣ ልስላሴ ከስንት ሊትር አየር ጋር እንደሚመጣጠን። ዛሬ ብዙ አምራቾች “የቲልና የስሞል መለኪያዎች” ብለው ከስፒከሩ መረጃ ጋር ያወጧቸዋል። በነጻ የሚገኙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም ከነዚሁ ቁጥሮች ተነስተው የሳጥኑን ስፋትና የቱቦውን ርዝመት ያሰላሉ።

ስለዚህ ሰብዉፈር ስትገዙ ከዋቱ በፊት እነዚህን ቁጥሮች ጠይቁ። ኮምፔንሳቶ አንዴ ከተቆረጠ አይቀጠልም፤ ወረቀት ላይ ግን የፈለጋችሁትን ያህል ሳጥን ሠርታችሁ ማፍረስ ትችላላችሁ።