የመንገዱ ዳር የማነው?

በልደታ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ተማሪዎች ጧት ጧት የምንሰማው ጭቅጭቅ አለ። ሾፌሩ «ዳርህን ያዝ!» ይላል። ሳይክል የሚነዳው ደግሞ «ዳሩን እኮ አንተ ቆመህበታል!» ይመልሳል። ታክሲው ሰው ለመጫን ዳር ይይዛል፤ ብስክሌተኛው ወደ መሐል ይወጣል፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና ክላክሱን ይለቀዋል። ብዙዎቻችን ነገሩን የጠባይ ጉድለት ነው ብለን እናልፈዋለን። ታሪኩን ስናይ ግን ቅራኔው የመጣው ከመንገዱ አከፋፈል ነው።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም.፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ያን ጊዜ መንገዱ የእግረኛ፣ የበቅሎና የአህያ ነበር። መኪና እንግዳ ሆኖ ገባ፤ ውሎ አድሮ ባለቤት ሆነ። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ተሽከርካሪ ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲዞር ሲታዘዝ አገሩ የቆየ ልማዱን ለወጠ። እንግዲህ ሕጉ ግልጽ ከሆነ ሕዝባችን የመንገድ ልማዱን መለወጥ ያውቅበታል ማለት ነው።

ብስክሌትስ ቢሆን መቼ ባዕድ ሆነብን? ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በሜልቦርን፣ በ1949 ዓ.ም.፣ ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ሠራተኛውም ተማሪውም ሳይክል ይነዳል። «አዲስ አበባ እኮ ዳገት ናት» የሚሉን አሉ። ዳገት እግር ያደክማል እንጂ ሰው አይገጭም።

እስቲ ሆላንድን እንመልከት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እዚያም መኪና መንገዱን ወረሰው። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ 3300 ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሲሞቱ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጡ። የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉም መንግሥቱ ከጥቅምት 25 ቀን 1966 ዓ.ም. ጀምሮ እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ለብስክሌት የተለየ መንገድ በየከተማው ተስፋፋ።

ያው የነዳጅ ቀውስ እኛንም አልማረንም። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ መጨመር የተነሣ ሥራ አቆሙ። ጥያቄያቸው የዕለት እንጀራ ነበርና እውነት ነበራቸው። ዛሬም ክላክስ የሚነፋብን ሾፌር የዕለት ገቢ ሒሳብ ያለበት ሰው ነው፤ ጠላት አይደለም። የመንገዱ አከፋፈል ግን እንደነበረ ቆየ። ሁለት ለፍቶ አዳሪዎች በአንድ ጠባብ ዳር ላይ እንዲጣሉ የተተዉት በዚህ ምክንያት ነው።

በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል የተመረጡ ጎዳናዎች ለተወሰነ ሰዓት ለመኪና ተዘጉ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። ደግ ጅምር ነው። መስመሩ በሚያበቃበት ቦታ ግን ብስክሌተኛው ተመልሶ ከታክሲው ጎን ይገባል፤ የድሮው ጠብም ከዚያው ይቀጥላል።

መጋራት አይቻልም እንዳይባል ማስረጃው አናታችን ላይ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱን መስመሮች በአንድ ሐዲድ ያሳልፋል። ባቡሮቹ የማይጋጩት ነጂዎቹ ጨዋ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ተራ ስለተሰጣቸው ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ምክር አይደለም፤ ምክርማ ሞልቷል። ታክሲ የሚቆምበት ቦታ ከብስክሌት መስመር ይለይ። መስመሩ ሳይቆራረጥ ሰው ከሚኖርበት ሰፈር እስከ ሥራውና ትምህርት ቤቱ ይድረስ። እኛም ሳይክል የምንነዳ በተቃራኒ አቅጣጫ አንሂድ፤ ማታ ያለ መብራት አንውጣ። ሾፌሩም ይወቀው፤ ከመኪናው ፊት ያለው ሳይክል ብረት ቢሆንም የተቀመጠበት የሰው ልጅ ነው።