የኤሌክትሪክ ሬዚስታንስንና ኃይልን ከቮልቴጅና ከጅረት ማስላት፦ ለቤት ውስጥ ተጠቃሚዎች የቀረበ ማብራሪያ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአምባ ጊዮርጊስ እንደ ሌሎች የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ በቤት ውስጥ ከፍተኛ ኃይል ከሚወስዱ ዕቃዎች አንዱ ነው። ምጣዱ በወትሮው ጊዜ አልሰማ ሲል፣ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ሲቀር ተጠቃሚው በቅድሚያ የሚጠረጥረው ምጣዱን ነው። ችግሩ ግን ከምጣዱ፣ ከቤቱ የሽቦ ዝርጋታ ወይም ከአቅርቦት መስመሩ ሊመነጭ ይችላል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሁለት ልኬቶችና ሁለት አጫጭር ስሌቶች ይበቃሉ።

መሠረታዊ መለኪያዎች

ቮልቴጅ ጅረትን በሽቦ ውስጥ የሚገፋው ግፊት ሲሆን በቮልት ይለካል። በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤት የሚቀርበው መደበኛ ቮልቴጅ 220 ነው። ጅረት ወይም ከረንት በአምፔር ይለካል። ሬዚስታንስ፣ በትምህርት መጻሕፍት አጠራር ሙግደት፣ ጅረቱን የሚገታው የዕቃው ባሕርይ ሲሆን በኦም ይለካል። ኃይል ደግሞ ዕቃው በየሰከንዱ የሚወስደው የኢነርጂ መጠን ሲሆን በዋት ይገለጻል።

የስሌቱ ደንብ

• ሬዚስታንስ = ቮልቴጅ ÷ ጅረት
• ኃይል = ቮልቴጅ × ጅረት

ለምሳሌ 3,500 ዋት የሚል ጽሑፍ ያለበት ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፔር ቢወስድ፣ ሬዚስታንሱ 220 ÷ 16 = 13.75 ኦም፣ ኃይሉም 220 × 16 = 3,520 ዋት ይሆናል። ውጤቱ ከጽሑፉ ጋር ስለሚቀራረብ ምጣዱ ጤነኛ ነው። ይህ ምጣድ ለሁለት ሰዓት ያለማቋረጥ ቢሠራ 7.04 ኪሎ ዋት ሰዓት በቆጣሪው ላይ ይመዘገባል።

ቮልቴጅ ሲወርድ

በበዓል ዋዜማ እንደሚሆነው ብዙ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ምጣድ ሲጥድ በመስመሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ሊወርድ ይችላል። የምጣዱ ሬዚስታንስ ብዙም ስለማይለወጥ፣ ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ ጅረቱ 180 ÷ 13.75 = 13.1 አምፔር ገደማ፣ ኃይሉም 2,356 ዋት ገደማ ይሆናል። ቮልቴጁ የቀነሰው በ18 በመቶ ሲሆን ሙቀቱ ግን በ33 በመቶ ቀንሷል። ይህ የሆነው ከቮልቴጁ ጋር ጅረቱም አብሮ ስለሚቀንስ ነው። ስለዚህ ቮልቴጅ በጥቂቱ ሲወርድ እንኳ ምጣዱ በእጅጉ ይደክማል፤ የመጋገሪያው ጊዜም ስለሚረዝም የፍጆታ ክፍያው ይቀንሳል ተብሎ አይጠበቅም።

የሽቦ ውፍረትና ርዝመት

ሽቦ ራሱ ሬዚስታንስ አለው። ከቆጣሪ 40 ሜትር ርቆ ለሚገኝ ማድ ቤት ጅረቱ በአንደኛው ሽቦ ሄዶ በሌላው ስለሚመለስ፣ የሚቆጠረው ርዝመት 80 ሜትር ነው። ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በዚህ ርዝመት 0.93 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ ይኖረዋል። ከላይ የተጠቀሰው ምጣድ በዚህ ሽቦ ሲሠራ 15 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ በመንገድ ላይም 14 ቮልት ገደማ ይባክናል፤ ሽቦውም 210 ዋት የሚሆን ሙቀት ያመነጫል። በባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን የሚባክነው 5 ቮልት ተኩል ገደማ ብቻ ነው።

ከዚህ የበለጠ አደገኛው የላላ ወይም የተቃጠለ ማያያዣ ነው። በሶኬት ላይ ግማሽ ኦም ብቻ ቢፈጠር በዚያች ጠባብ ቦታ 120 ዋት ገደማ ሙቀት ይከማቻል። ይህም ፕላስቲክ ለማቅለጥና እሳት ለማስነሣት በቂ ነው።

የችግሩን ምንጭ መለየት

1. ምጣዱ እየሠራ በሶኬቱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ወደ 220 የሚጠጋ ሆኖ ጅረቱ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ችግሩ በምጣዱ ነው። ለምሳሌ 10 አምፔር ብቻ ቢወስድ ሬዚስታንሱ 22 ኦም ይሆናል፤ የማሞቂያ ሽቦው ወይም ማያያዣው መታየት ይኖርበታል።
2. በቆጣሪው ላይ መደበኛ የሆነው ቮልቴጅ፣ ምጣዱ ሲበራ በሶኬቱ ላይ በጉልህ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ በቤቱ ዝርጋታ ነው።
3. በቤቱ ያሉ ዕቃዎች ሁሉ ጠፍተውም በቆጣሪው ላይ ያለው ቮልቴጅ ዝቅተኛ ከሆነ ችግሩ ከአቅርቦት መስመሩ ነው። በዚህ ጊዜ ደንበኛው ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተለካውን ቮልቴጅ መዝግቦ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የአካባቢው ማዕከል ወይም በ905 የጥሪ ማዕከል ማሳወቅ ይችላል። በቁጥር የተደገፈ አቤቱታ ምንጩን ለማጣራት ይረዳል።

ማሳሰቢያ

• ይህ ስሌት በቀጥታ የሚያገለግለው እንደ ምጣድና ምድጃ ላሉ ማሞቂያዎች ነው። የእህል ወፍጮ ሞተር ግን ቮልቴጅ ሲወርድ ተጨማሪ ጅረት ስለሚስብ ከመጠን በላይ ግሎ ሊቃጠል ይችላል።
• ኃይል ባለው መስመር ላይ የሚደረግ ልኬት በባለሙያ ብቻ መከናወን አለበት። ሬዚስታንስ በቀጥታ በመሣሪያ የሚለካው ዕቃው ከሶኬት ተነቅሎ ነው።
• ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ በከፍተኛ መጠን መተካት አይገባም፤ ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ስለሆነ በቅድሚያ የሽቦው ውፍረት መረጋገጥ ይኖርበታል።