የመጫወቻ ባቡር ከመግዛታችሁ በፊት

ቀላል ባቡሩ በአውቶቡስ ተራ በኩል ማለፍ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ለታናሽ ወንድም የሚገዛው የፕላስቲክ ባቡር ደግሞ እዚያው መርካቶ ነው ያለው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ፎቶ ተዉት፤ አስወጥታችሁ እዩት።

መጀመሪያ ጠርዙን በጣት ዳስሱ። የቀለጠው ፕላስቲክ ሻጋታ ውስጥ ሲገባ፣ ሁለቱ የሻጋታ ግማሾች የሚገናኙበት መስመር ይቀራል። ቀጭን ከሆነ ችግር የለውም። ስለት ሆኖ ጣት ከያዘ ግን ሻጋታው አርጅቷል ወይም በደንብ አልገጠመም። መስኮቱን በጥፍር ነካ አድርጉት (ሻጩ ቢቆጣም)፤ ስቲከር ከሆነ ጫፉ ይነሳል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ስታስቀምጡት አንዱ ጎማ ከተንጠለጠለ ከሐዲዱ መውጣቱ አይቀርም።

«ኦሪጅናል ነው» ቢሏችሁም ሰብሳቢዎች ከሚገዙት ሞዴል ጋር አታወዳድሩት። ኤችኦ የሚባለው የሞዴል ልኬት እውነተኛውን ሎኮሞቲቭ 87 ጊዜ አሳንሶ የሚሠራ ነው፤ ዋጋውም ሌላ ነው።

 የባትሪው ክዳን በብሎን ካልታሰረ፣ በተለይ የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ ከሆነ፣ እኛ አንገዛውም። ሕፃን ከዋጠው በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧውን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ «በሰገራ ይወጣል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።