ጣሪያ ላይ ያለውን ማን ያየዋል? ከሾንኬ ቤቶች እስከ ከሚሴ ኤሲ

አገራችን ውስጥ አዲስ ነገር ሲመጣ ሪባን ይቆረጣል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ፎቶ ይነሳል። ያ አዲስ ነገር ከሦስት ዓመት በኋላ ሲጸዳ፣ ብሎኑ ሲጠብቅ፣ አቧራው ሲራገፍ ግን ካሜራ ይዞ የሚመጣ የለም። የዛሬው ጽሑፍ ካሜራ ስለማያየው ሥራ ነው፤ በየባንኩ፣ በየሆቴሉና በየሆስፒታሉ ጣሪያና ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው ኤሲና ስለ ጥገናው። «ይሄ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አለው። አንብቡትና ፍረዱ።

◆ መጀመሪያ ሙቀቱ

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ደሴ ላይ የለበሰውን ጃኬት ኮምቦልቻ ላይ ያወልቃል፤ ከሚሴ ሲደርስ የመኪናውን መስኮት ይከፍታል። ምክንያቱ ከፍታ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ስትቀመጥ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ከሚሴ በ1,400 ሜትር ገደማ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚለዋወጥ፣ ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ሌላ አገር ያስገባል። ወደ ባቲ ሲታጠፍ ደግሞ የአፋር በረሃ ደጃፍ ነው።

የአካባቢው ሰው ለዚህ ሙቀት መላ ያበጀው ኤሲ ከመምጣቱ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። ከከሚሴ ብዙም ሳይርቅ፣ በዳዋ ጨፋ ወረዳ ተራራ ላይ፣ ሾንኬ የምትባል የአርጎባ መንደር አለች። ዕድሜዋ ወደ 900 ዓመት እንደሚጠጋ ይነገራል። ቤቶቹ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አላቸው፤ ጣሪያቸው ከእንጨትና ከአፈር የተሠራ ነው። ወፍራም ድንጋይና አፈር የቀኑን ሙቀት ቶሎ ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ስለዚህ ውጭው ሲነድድ ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል።

ነገር ግን የአፈር ጣሪያ ያለው ቤት አንድ ግዴታ አለበት። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ጣሪያ ላይ ተወጥቶ ይታያል፤ የተሰነጠቀው ይደፈናል፤ የሳሳው አፈር ይጨመርበታል። ይህን ያልሠራ ሰው ሐምሌ ላይ ከነልጆቹ ዝናብ ይወርድበታል። ጥገናው ከቤቱ ተለይቶ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ የቤቱ አካል ነበር። ቆርቆሮ ሲመጣ ይህ ግዴታ ቀረ፤ ቅዝቃዜውም አብሮ ቀረ። ቆርቆሮ የጸሐይን ሙቀት ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያወርዳል። በቆርቆሮና በብሎኬት በሠራናቸው ቤቶችና ቢሮዎች ውስጥ ያጣነውን ቅዝቃዜ ለመመለስ ያስገባነው ኤሲን ነው።

◆ ማሽኑ ከየት መጣ?

የሚገርመው ኤሲ የተፈጠረው ለሰው ምቾት ታስቦ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት ተቸግሮ ነበር። በበጋ የአየሩ እርጥበት ሲለዋወጥ ወረቀቱ ይለጠጣል፣ ይሸበሸባል፤ ባለቀለም ሥዕል ሲታተም ቀለሞቹ ቦታቸውን ይስታሉ። ዊሊስ ካሪየር የሚባል የ25 ዓመት ወጣት መሐንዲስ የአየሩን ሙቀትና እርጥበት የሚቆጣጠር ሥርዓት ነደፈ። «ኤር ኮንዲሽኒንግ» የሚለውን ስም ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ ያወጣው ስቱዋርት ክሬመር የተባለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች መሐንዲስ ነው። የጥጥ ክር ደረቅ አየር ውስጥ ይበጣጠሳል፤ የክሬመር ጭንቀት እሱ ነበር። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ታሪክ ማስረዳት አያስፈልገውም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ማሽኑ የተወለደው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፋብሪካ ደግሞ መካኒክ አለው፣ ዘይት የሚቀባ ሰው አለው፣ መዝገብ አለው። በኋላ ማሽኑ ትንሽ ሆኖ፣ በሣጥን ታሽጎ ባንክና ሆቴል ጣሪያ ላይ ሲወጣ ያ መካኒክ አብሮት አልወጣም። ወደ እኛም የመጣው እንዲሁ ነው፤ ሣጥኑ መጣ፣ ሰውየው ቀረ።

◆ እንዴት ይሞታል?

ኤሲ ድንገት የሚሞት ይመስለናል፤ እውነቱ ግን ቀስ እያለ መሞቱ ነው። የጨፋ ሜዳ በበጋ አቧራማ ነው። አቧራው በመጀመሪያ ፊልተሩን ይደፍናል። አየር ማለፍ ሲያቅተው ውስጠኛው ቱቦ በረዶ ይይዛል። ተንኖ ጋዝ መሆን የነበረበት ማቀዝቀዣ ፈሳሽ እንደሆነ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። ኮምፕሬሰር የተሠራው ጋዝ ለመጭመቅ ነው፤ ፈሳሽ ሲገባበት ይሰበራል። የማሽኑ ውዱ ዕቃ እሱ ነው። በውኃና በሳሙና የሚታጠብ አንድ ፊልተር ችላ በመባሉ ብቻ የማሽኑ ልብ ይቆማል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ውጭ ያለው ክፍልም እንዲሁ ነው። እንደ መኪና ራዲያተር ያሉት ስስ ቆርቆሮዎች በአቧራ ሲሞሉ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ማሽኑ ለዚያው ቅዝቃዜ ብዙ መብራት ይበላል። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው የተደፈነ ፊልተርን መቀየር ብቻውን የኤሲን የመብራት ፍጆታ ከ5 እስከ 15 በመቶ ይቀንሳል። በዚህ ላይ የእኛ መብራት አለ። ሄዶ ወዲያው ሲመለስ፣ በውስጡ ያለው ግፊት ሳይረግብ ኮምፕሬሰሩ ልነሳ ብሎ ይታገላል። ጥቂት ደቂቃ አዘግይታ የምታስነሳው ትንሽ መቆጣጠሪያ መሥራቷን ማየትም የጥገና ሥራ ነው።

◆ «ጋዝ ሙላልኝ»

በየከተማው የምንሰማው ትእዛዝ ይህ ነው። ኤሲው አላቀዘቀዘም? ጋዝ ይሞላ! ነገር ግን የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም፤ በዝግ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ከጎደለ አንድ ቦታ ይፈሳል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ በየዓመቱ መሙላት በተቀደደ ጀሪካን ውኃ መቅዳት ነው።

ይህ ዓለም አቀፍ ጉዳይም ነው። ብዙ አሮጌ ማሽኖች የሚጠቀሙት አር-22 የተባለው ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ይጎዳል። ኢትዮጵያ የሞንትሪያልን ስምምነት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በስምምነቱ መሠረት በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ይህን የጋዝ ዓይነት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ማቆም አለባቸው፤ ከዚያ በኋላ እስከ 2040 ለነባር ማሽኖች ጥገና የሚፈቀደው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ ቀዳዳው ያልተደፈነ አሮጌ ማሽን ነገ የሚሞላለት ጋዝ እየተወደደ፣ እየጠፋ ይሄዳል።

◆ ችላ ማለት ሰው ሲገድል

«ሙቀት ነው፣ እንችለዋለን» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1976 በፊላደልፊያ አንድ ሆቴል ውስጥ የቀድሞ ወታደሮች ስብሰባ ተካሄደ። ከዚያ በኋላ 221 ሰዎች ታመሙ፤ 34ቱ ሞቱ። ተመራማሪዎች ከወራት በኋላ ያገኙት ሌጅዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ነበር፤ የተዛመተው በሆቴሉ የማቀዝቀዣ ሥርዓት እንደሆነ ይታመናል። የማቀዝቀዣ ማማዎችን በየጊዜው የማጽዳት ደንብ በዓለም የጠበቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ከሚሴ ላይ የምናያቸው ትናንሽ ኤሲዎች እንዲህ ያለ የውኃ ማማ የላቸውም፤ ያ አደጋ በእነሱ አይመጣም። የእኛ አደጋ ሌላ ነው።

ብዙ መድኃኒቶች ማሸጊያቸው ላይ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች እንዲቀመጡ ይጻፍባቸዋል። የላቦራቶሪ ማሽኖችም የክፍል ሙቀት ገደብ አላቸው። በቆላ ከተማ የመድኃኒት መጋዘን ኤሲ ሲቆም የሚጮህ የለም። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ እንዳለ አቅሙን እያጣ ይሄዳል። በሽተኛዋ ትገዛዋለች፣ ትውጠዋለች፣ አይሠራላትም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ መንገድ ሲያልፍ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፏል። ያ ጉዳት ተቆጥሯል፣ ተዘግቧል፤ መዘገቡም ተገቢ ነው። አቧራ የገደለውን ማሽን ግን ማንም አይቆጥረውም። ለሕመምተኛው ግን ሁለቱም ያው ናቸው፤ አገልግሎት የለም።

◆ ታዲያ ምን ይሁን?

ችግሩ የቴክኒሽያን ብቻ አይደለም፤ የበጀት ባህላችን ነው። ዕቃ መግዣ ካፒታል በጀት ነው፤ ለመሪ ስም ያወጣል። ጥገና መደበኛ በጀት ውስጥ ያለች አንድ መስመር ናት፤ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የምትቆረጠው እሷ ናት። ጨረታው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን ያሸልማል፤ «ለሦስት ዓመት ማን ያጸዳዋል?» ብሎ አይጠይቅም። ቴክኒሽያኑም የሚጠራው ማሽኑ ከሞተ በኋላ ነው፤ ሐኪም ለቀብር እንደመጥራት።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ፊልተር በየወሩ ይታጠብ። የውጭው ክፍል በዓመት ሁለት ጊዜ ይጸዳ፤ አንዴ የካቲት ላይ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ አንዴ መስከረም ላይ ክረምቱ ሲወጣ። የውኃ መውረጃው፣ የኤሌክትሪክ መያያዣውና የጋዙ ግፊት በዚያው ይታይ። ቀኑና የሠራው ሰው ስም ማሽኑ አጠገብ በተሰቀለ ካርድ ላይ ይጻፍ። የግዢ ውል ሲፈረም የጥገናው ውል አብሮ ይፈረም። በዞኑ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ለልምምድ ቦታ ሲፈልጉ ጣሪያው እዚያው አለ።

የሾንኬ ሰዎች ይህን የሚያዝ መመሪያ አልነበራቸውም። ክረምት እንደሚመጣ ግን ያውቁ ነበር፤ ጣሪያውም የማን እንደሆነ ያውቁ ነበር። የእኛ መሥሪያ ቤቶች ጣሪያ የማን ነው? በምትሠሩበት ቦታ ኤሲው መጨረሻ የጸዳው መቼ እንደሆነ ነገ ጠይቁ። የሚመልስላችሁ ሰው ካለ ስሙን አመስግኑት። ከሌለ ግን ጥገናው ከዚያ ጥያቄ ይጀምር።