እንግዳው መምህር በወሎ

ለማስተማር የመጣ ሰው አስቀድሞ ራሱ መማር እንደሚገባው ሁሉ ይስማማበታል። ነገር ግን የት ሆኖ፥ ከማንስ ይማር የተባለ እንደ ሆነ መልሱ ቀላል አይደለም። የሰላም ጓድ እየተባሉ የተጠሩት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ወደ ደሴና ወደ ሌሎቹ ከተሞቻችን የመጡበትን ታሪክ የሚመረምር አንባቢ ይህን ጥያቄ በየምዕራፉ ያገኘዋል። («ጓድ» የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ ባልንጀራን ወይም ጭፍራን ብቻ ያመለክት ነበረ፤ ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የተጫነበት ትርጕም ገና አልደረሰበትም።)

የሰላም ጓድ የተቋቋመው የካቲት 22 ቀን 1953 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በሰጡት ትእዛዝ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የተመደበው የመጀመሪያው ቡድን 280 ያህል ወጣቶች ነበሩበት። እነዚህም በ1954 ዓ.ም. ክረምት በዋሽንግተን ከተማ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሥልጠናቸውን ፈጽመው በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ደረሱ። አለቃቸው ኋላ የአሜሪካ ሴናተር ለመሆን የበቁት ሐሪስ ዎፎርድ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱም በቤተ መንግሥታቸው ተቀበሏቸው። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ መምህራን እየሆኑ በየጠቅላይ ግዛቱ ስለ ተበተኑ፥ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ቍጥር በአንድ ጊዜ እጅግ ከፍ አለ።

በጆርጅታውን የተማሩት የአገራችንን ታሪክና መልክዐ ምድር፥ የማስተማርን ዘዴ፥ አማርኛንም ነበረ። ቋንቋውን ካስተማሯቸው መካከል በአሜሪካ ይማሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ይገኙ ነበር። ሥልጠናው ትጋት አልጎደለውም። ሆኖም «እንዴት አደሩ» የሚለውን ሰላምታ አንዱ አሜሪካዊ ለሌላው አሜሪካዊ ሲያቀርብ፥ መልሱ በመጽሐፉ ከተጻፈው ቃል አያልፍም፤ ሰላምታውን የሚያስረዝም ሽማግሌ፥ ስሕተቱን ሰምቶ የሚስቅ ሕፃንም በክፍሉ ውስጥ የለም። መጽሐፉም ቢሆን ገና ጥቂት ነበረ። የሴማውያን ቋንቋዎች ሊቅ የነበሩት ቮልፍ ሌስላው ለውጭ አገር ተማሪ ያዘጋጁት ትልቁ የአማርኛ መማሪያ የታተመው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1967፥ ማለት ከዚያ ክረምት 5 ዓመት ቆይቶ ነው።

ወደ ደሴ የተመደበው መምህር ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከሙቁ የኮምቦልቻ ሜዳ ይደርሳል። ከዚያ በሐረጎ ዳገት እየተጠማዘዘ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወጣ ከ600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስለሚጨምር፥ በኮምቦልቻ ያወለቀውን ካፖርት ከጦሳ ተራራ ሥር መልሶ ይለብሳል። የሚያስተምርበትም ቤት በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፥ በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ነው። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ከገጠርና ከሩቅ አውራጃ መጥተው፥ ጠባብ ክፍል በኅብረት ተከራይተው፥ ከቤታቸው በሚላክላቸው ስንቅ የሚኖሩ ነበሩ። እንግዲህ በክፍሉ ውስጥ እንግዳ የነበረው መምህሩ ብቻ አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኞች እንደ ልማዳቸው ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ቤት ተከራይተው፥ ምግብ አብሳይና ዘበኛ ቀጥረው ይኖሩ ነበር። ከቤተ ሰብ ጋራ ማደር የደንቡ ክፍል አልነበረም። ስለዚህ የአማርኛ እውነተኛ መምህሮቻቸው ምግብ አብሳይዋ፥ ዘበኛውና የሠፈሩ ልጆች ሆኑ። ይህ ጥቂት ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ደመወዝ የሚቀበል ሰው አሠሪውን «ተሳስተሃል» ብሎ ለማረም ይከብደዋል። የቤት እናት ግን ማንንም ሳትፈራ ታርማለች።

በወሎ ይህ ነገር አዲስ አልነበረም። በኮምቦልቻ አጠገብ በቃሉ አገር የሚገኘው፥ በ19ኛው መቶ ዓመት ሐጂ ቡሽራ ያስተማሩበት የጌታ መስጊድ ከሩቅ የሚመጣውን ደረሳ ሲያስተናግድ የኖረ ስፍራ ነው። የቤተ ክርስቲያኑም የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ እየለመነ ዳዊቱን ተምሯል። ደረሳውም ሆነ የቆሎ ተማሪው ትምህርቱን ከመምህሩ፥ እንጀራውን ከመንደሩ ሲያገኝ፥ የአገሩን ጠባይ ከእንጀራው ጋራ አብሮ ይቀበላል። ንጉሥ ሚካኤልም በደሴ ያሠሩትን ታላቅ የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ብለው ሰይመውታል፤ ስሙ ለማን እንደ ተከፈተ ይናገራል።

የወሎ ቤት የሚያስተምረውን ነገር ከመጽሐፍ ማግኘት እንዴት አዳጋች እንደ ሆነ ጥቂት እናንሣ። መጽሐፉ አክብሮትን «እርስዎ» በሚለው ቃል ያስተምራል፤ የወሎ ባላገር ግን ሽማግሌውን «አንቱ» ይለዋል። ያዘነን ሰው «አብሽር» ብሎ ማጽናናትም ከጆርጅታውን ክፍል የሚገኝ አልነበረም። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ግቢ ጐረቤት ሆነው፥ አንዱ ለሌላው ሠርግና ለቅሶ የማይቀር ሲሆን፥ ሥጋው ግን ለየብቻ ታርዶ ለየብቻ ይቀርባል። በዚህ ማዕድ የተገኘ የውጭ አገር ሰው በየትኛው ወገን ይቀመጥ? አስተናጋጁ ራሱ ይጠይቀዋል፤ እንግዳውም መልሱን በሚያስብበት በዚያች ጥቂት ጊዜ ስለ ወሎ ብዙ ይማራል። «በቃኝ» የሚለው ቃል በመጽሐፍ አንድ ጊዜ ተጽፏል፤ በማዕድ ግን ሦስት ጊዜ ካልተባለ አይሰማም። ቡናውም እስከ በረካ ሳይደርስ መነሣት ነውር ነው።

የከተማው ወጣት የገጠሩን ኑሮ ኖሮ እንዲያውቀው ማድረግ ለኢትዮጵያውያንም ያስፈልግ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት የሚልክበትን የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው።

ዘመኑ ግን እየከረረ ሄደ። የቬትናም ጦርነት፥ የመሬት ጥያቄ፥ የመንግሥቱና የአሜሪካ ወዳጅነት በተማሪው ልብ አንድ ላይ ተቋጠሩ። በወይዘሮ ስኂን የተማረው ዋለልኝ መኰንን ከንቅናቄው ግንባር ቀደም ሰዎች አንዱ ነበረ። በ1961 ዓ.ም. ተማሪዎች ካነሧቸው ጥያቄዎችም አንዱ የሰላም ጓድ ከአገር ይውጣ የሚል ነበር። የጠቡ ሥር ፖለቲካ እንደ ነበረ አንክድም። ነገር ግን በእኛ አስተያየት፥ ከአጥር ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር እንግዳ በእንዲህ ያለው ቀን «ይህ የእኛ ልጅ ነው» ብሎ የሚቆምለት ጐረቤት አያገኝም።

ከዚህ በኋላ በአንድ ሥራ ነገሩ ተለወጠ። በጥር 1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን የማጥፋቱ ዘመቻ በኢትዮጵያ ሲጀመር፥ ከአገራችን ሠራተኞች ጋራ የተሰለፉት በጎ ፈቃደኞች በእግርና በበቅሎ ከመንደር ወደ መንደር መዞር ግዴታቸው ሆነ። መኪና በማይገባበት አገር የሚያድሩት ባላገሩ በሰጣቸው ቤት፥ የሚበሉትም ያቀረበላቸውን ነው፤ ክንዱን ለክትባት የሚዘረጋውም ያው አስተናጋጃቸው ነበረ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ተገኘ። በዓመቱ የሰላም ጓድ አገሩን ለቀቀ።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1995 ተመልሶ፥ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ምክንያት እንደ ገና ወጣ። ለሦስተኛ ጊዜ በ2000 ዓ.ም. ሲመጣ ግን ሠልጣኙ ትምህርቱን የሚፈጽመው በኢትዮጵያ ምድር ሆነ፤ ወደ ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜም ከአንድ ቤተ ሰብ ጋራ ያድር ጀመር። ጧት ቋንቋ ይማራል፤ ማታ የተማረውን በቤቱ ሰዎች ፊት ይፈተናል። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የነበረው ሰው ልብሱን በእጁ ማጠብ፥ እንጀራ መቍረስ፥ ሰው ሲገባ ብድግ ማለት ከሕፃናቱ ጋራ ይለማመዳል። ብዙ ቤተ ሰቦችም የአበሻ ስም ያወጡለታል። ከ45 ዓመት በፊት በዋሽንግተን የነበረው ክፍል ወደ ጓዳና ወደ ምድጃ ዳር ተዛወረ ማለት ነው።

ይህም ቢሆን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ተቋረጠ። የኮሮና ወረርሽኝ ስለ ተነሣ ድርጅቱ በዓለም ሁሉ የነበሩትን በጎ ፈቃደኞች በአንድ ጊዜ ወደ አገራቸው ጠራ፤ በአማራ ክልል የነበሩትም በጥቂት ቀን ውስጥ ተነሡ። ሽማግሌ ሰብስቦ መርቆ ለመሸኘት ጊዜ አልነበረም።