ከእድር እስከ ጤና መድኅን
ድኻው ስለሚታከምበት ሥርዓት የቀረበ አጭር ታሪካዊ ጥናት

በኢትዮጵያ ሕዝብ ኑሮ ውስጥ ችግርን በኅብረት የመሸከም ልማድ ሥር የሰደደ መሆኑ የታወቀ ነው። ደቦ፣ ወንፈል፣ ዕቁብ፣ ማኅበርና እድር የዚሁ ልማድ ልዩ ልዩ መልኮች ናቸው። ስለዚህም በ2003 ዓ.ም. በገጠር ወረዳዎች የተጀመረውን ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የእድር ልጅ አድርገው የሚቈጥሩት ብዙዎች ናቸው። አስተያየቱ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ሁለቱ ከሚመሳሰሉበት ይልቅ የሚለያዩበት ነገር የበለጠ ያስተምራል፤ ይኸውም መክፈል ለማይችለው ሰው የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

እድር ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ በከተሞች፣ በተለይም በአዲስ አበባ፣ የተስፋፋው በ20ኛው ምዕት ዓመት ነው። አባሉ በየወሩ ያዋጣል፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣል፤ ከቤቱ ሰው ሲሞትበት ድንኳን ይተከልለታል፣ የተወሰነውም ገንዘብ ይሰጠዋል። ይህ አሠራር ሊጸና የቻለው ሞት በመዋጮ ለመሸከም የሚመች ስለ ሆነ ነው። ሞት ለሁሉ ይደርሳል፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል፤ ጎረቤት ሁሉ ያየዋል፤ ወጪውም አስቀድሞ ይገመታል። ሕመም ግን እንዲህ አይደለም። አንዱን ቤት እየደጋገመ ሲጎበኝ ሌላውን ያልፈዋል፤ ከውጭ ላይታይ ይችላል፤ ወጪውም ከጥቂት እንክብል ዋጋ አንሥቶ በሬ እስከ ማሸጥ ይደርሳል። አንዳንድ እድሮች ለታመመ አባል መጠነኛ እርዳታ ወይም ብድር ሰጥተዋል፤ በገጠርም ጎረቤት ሕመምተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደርሳል። ይሁን እንጂ ከሐኪም ቤቱ ደጃፍ ወዲያ ያለው ወጪ የቤተ ሰቡ ዕዳ ሆኖ ይቀር ነበር። ከዚህም በላይ እድር መዋጮውን ያቋረጠውን ያሰናብታል፤ ከሁሉ የባሰው ድኻ መጀመሪያውኑ ከአባልነት ውጭ ነበር።

በመንግሥት በኩል የነበረው መንገድ ሌላ ነው። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የመጡት የመስኮብ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኞችን ሲያክሙ ሥራው የበጎ አድራጎት ሥራ ነበር። ሐኪም ቤቶች እየበዙ ሲሄዱ ግን ታካሚው ለካርድ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት እንዲከፍል ተደረገ፤ ለድኻው የተተወለትም በር የነፃ ሕክምና ወረቀት ሆነ። ከ1967 ዓ.ም. አዋጆች በኋላ ቀበሌና የገበሬ ማኅበር ሲቋቋሙ ስለ ድኻው መመስከር የእነርሱ ሥራ ሆነ። በዚህም አሠራር ሰው አስቀድሞ ይታመማል፤ ከዚያ ድኻ መሆኑን ያስመሰክራል። አስታማሚው ማኅተም ፍለጋ ወደ ቀበሌ ሲመላለስ ሕመሙ አይጠብቀውም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ደባቂውን ይወቅሳል፤ የድኻ ቤት በሽታን የሚደብቀው ግን ብዙ ጊዜ ዋጋውን ፈርቶ ነው።

በሰኔ 1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ ይህን አሠራር ለማስተካከል ሞክሯል። የጤና ተቋማት ገቢያቸውን ለራሳቸው ሥራ እንዲያውሉ ተፈቀደ፤ የነፃ ታካሚዎችም ስም አስቀድሞ ተመዝግቦ ወጪያቸውን የአካባቢው አስተዳደር እንዲተካ ታሰበ። ቢሆንም ከነፃ ታካሚው በላይ ያለው፣ ዘንድሮ አዝመራው ቢሰምርለት የሚከፍል፣ ከርሞ ዝናም ቢቀርበት የማይችል ገበሬ በሁለቱ መካከል ቀረ።

በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ። ይህ አዋጅ የታሰበው ደመወዝተኞችን ለሚያቅፈው መድኅን ሲሆን ከወጣም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቈየ። የገበሬውና የአነስተኛ ነጋዴው መድኅን ግን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ደመወዙ ከምንጩ ሊቈረጥ የሚችለው ሠራተኛ ወደ ኋላ ሲቀር የወር ደመወዝ የሌለው ገበሬ መቅደሙ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

በሙከራው ውስጥ የእድር መልክ በግልጽ ይታያል። ለመግባት ይወስን የነበረው የቀበሌው ጠቅላላ ጉባኤ በድምፅ ብልጫ ነበር፤ ከዚያም እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በፈቃዱ ይመዘገብ ነበር። አባል የሚሆነው ግለሰብ ሳይሆን ቤተ ሰብ ነው፤ ይህም በሽተኛው ብቻ እየተመረጠ እንዳይገባ ይከለክላል። እድር የማያውቀው ግን ሁለት ነገር ተጨመረ። ፌዴራላዊው መንግሥት በአባላቱ መዋጮ ላይ 25 ከመቶ ድጎማ አከለ። መክፈል የማይችሉትንም ቀበሌው ራሱ መርጦ ሲያቀርብ፣ መዋጮአቸውን ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል።

ከታሪክ አንጻር ትልቁ ለውጥ ይህ ሁለተኛው ነው። ድህነቱ የሚመረመረው ከሕመሙ በፊት ሆነ፤ የሚመሰክሩለትም ጎረቤቶቹ ሆኑ፤ በጤና ጣቢያ የሚያሳየው ደብተርም ከፍሎ የገባው ጎረቤቱ ከያዘው ጋር አንድ ነው። ነፃ ሕክምና ወረቀት ባለቤቱን ከሌላው ይለያል፤ የአባልነት ደብተር ግን ከሌላው ጋር ይቀላቅለዋል። በሙከራ ወረዳዎች የተደረጉ ጥናቶችም አባላት አባል ካልሆኑት ይልቅ ወደ ጤና ተቋም አዘውትረው መሄዳቸውን አሳይተዋል።

ጉድለቶቹም መነገር አለባቸው። በሙከራው ዘመን መዋጮው በአንድ አካባቢ ለሀብታሙም ለችግረኛውም ቤተ ሰብ እኩል ስለ ነበረ፣ ሸክሙ በችግረኛው ላይ ይከብድ ነበር። በነፃ የሚገቡት ቍጥር በበጀት ስለሚወሰን ጉባኤው ድኻን ከድኻ ለማበላለጥ ይገደዳል። መድኃኒት በጤና ጣቢያው ሲጠፋ አባሉ ከግል መድኃኒት ቤት በኪሱ ይገዛል፤ እንዲህ የደረሰበት ሰው በሚቀጥለው ዓመት አባልነቱን ላያድስ ይችላል።

እድር ጎረቤትን ከጎረቤት በማስተሳሰር ሞትን የጋራ አደረገ። ሕመምን የጋራ ለማድረግ ግን የጎረቤት መተሳሰር ብቻውን አልበቃም፤ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ሁሉ በአንድ ድርቅ አብረው ሊደኸዩ ይችላሉና። ስለዚህ መድኅኑ ከእድር የወረሰው መተማመንን ነው፤ ከመንግሥት የሚጠብቀው ደግሞ ከቀበሌው ወሰን የሰፋ ገንዘብን ነው። ከሁለቱ አንዱ በጎደለ ጊዜ ድኻው ወደ ቀድሞው ወረቀት፣ ወይም ወደ ዝምታው፣ ይመለሳል።