ቅጂ የመረጃ ቋቶች ለጥያቄ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ከዋናው እኩል እስኪደርሱ የመጠበቅ አሠራር

አንድ የመንግሥት አገልግሎት በበርካታ ጽሕፈት ቤቶች በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ሲሰጥ፣ ምዝገባው በአንድ ዋና ሰርቨር ላይ ይከናወናል፤ ቅጂዎቹ ደግሞ በሌሎች ሰርቨሮች ተቀምጠው የመረጃ ጥያቄዎችን በማስተናገድ የዋናውን ጫና ያቃልላሉ።

ዋናው ሰርቨር እያንዳንዱን ለውጥ ተራ ቁጥር ሰጥቶ በለውጥ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ቅጂው መዝገቡን በኔትወርክ ተቀብሎ ለውጦቹን በየተራቸው ይፈጽማል። መዘግየቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በታች ቢሆንም፣ መስመር ሲቋረጥ ወይም ሥራ ሲበዛ ወደ ደቂቃዎች ሊራዘም ይችላል።

የዚህ መዘግየት ጉዳት በአንድ ምሳሌ ሊታይ ይችላል። በጅማ መንገድ የምትገኘው ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ የምትገኘው ቡራዩና በጎጃም መንገድ የምትገኘው ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። እንዲህ ባለ አስተዳደር ውስጥ ሦስቱም ጽሕፈት ቤቶች በአንድ የይዞታ መረጃ ቋት ቢገለገሉ፣ ሰበታ ላይ በአንድ ይዞታ የፍርድ ቤት እግድ እንደተመዘገበ ሱሉልታ ያለ ሠራተኛ የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ሊጠይቅ ይችላል። የሱሉልታው ቅጂ ወደ ኋላ ቀርቶ ከሆነ ይዞታው ከእገዳ ነጻ መሆኑን ያሳያል። ሠራተኛው የስህተት መልእክት ስለማያይ ማስረጃውን ፈርሞ ይሰጣል።

መፍትሔው ጠያቂው ፕሮግራም በቅድሚያ ዋናው ሰርቨር የደረሰበትን የመጨረሻ ቁጥር ተቀብሎ ለቅጂው እንዲያቀርብ ማድረግ ነው። ቅጂውም እስከዚያ ቁጥር ያሉትን ለውጦች ሳይፈጽም መልስ አይሰጥም።

ማይኤስኪውኤል እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 5.6 እትሙ ለእያንዳንዱ የተጠናቀቀ ለውጥ በሁሉም ሰርቨሮች የሚታወቅ አንድ ዓይነት መለያ መስጠት ጀምሯል። ፖስትግሬስኪውኤል በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው 9.6 እትሙ፣ ለዚሁ የተመደበው ቅጂ ለውጡን ሳይፈጽም ምዝገባው ተጠናቋል እንዳይባል የሚያደርግ አማራጭ አቅርቧል። የዊኪፒዲያ ሶፍትዌርም ገጽ ያረመ ሰው የራሱን እርማት መልሶ እንዲያይ፣ የመጨረሻውን ለውጥ ቁጥር ይዞ ቅጂው እስኪደርስ ይጠብቃል።

ጥበቃው የጊዜ ገደብ ሊኖረው ይገባል። ገደቡ ካለፈ ጥያቄው ወደ ዋናው ሰርቨር ይተላለፋል፤ ዋናውም ካልተገኘ መረጃው ያልተሟላ መሆኑ ለሠራተኛው በግልጽ ይነገረዋል። አሮጌ መልስ እንደ አዲስ መቅረብ የለበትም።

ለወርሃዊ ሪፖርት የጥቂት ደቂቃዎች መዘግየት ጉዳት የለውም፤ ለእግድ፣ ለክፍያና ለስም ዝውውር ግን መጠበቅ ያስፈልጋል። የትኛው አገልግሎት መጠበቅ እንዳለበት መወሰን የኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ ሳይሆን የአገልግሎቱ ኃላፊም ሥራ በመሆኑ፣ ውሳኔው ሲስተሙ ከመገዛቱ በፊት በጨረታ ሰነዱ ላይ መስፈር ይኖርበታል።